የወለቃ ማሰሮ፣ የሳንጃ ቀንድ አውጣ

ቀንድ አውጣ የሚያጠና ሰው የዓመት አቆጣጠሩ ለብቻው ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ደፍርሶ ይሞላና ጎርፉ ቀንድ አውጣውን ከነተጣበቀበት ቅጠል ጠራርጎ ይወስደዋል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጠራ ከየጥጋጥጉ የተረፈው እንደገና መራባት ይጀምራል። ከኅዳር እስከ ግንቦት የሰበሰቡትን ሰበሰቡ፤ የቀረው ለከርሞ ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪን አንድ በጋ አመለጠው ማለት ደግሞ የምርምር ገንዘቡ የጊዜ ገደብ፣ የአማካሪው ትዕግሥት፣ “መቼ ነው የምትጨርሰው?” የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ ሁሉ አብሮ ተገፋ ማለት ነው። እኔን በጋው ያመለጠኝ በአንዲት ቁራጭ ነጠላ ምክንያት ነው። ነጠላዋ የመጣችው ከወለቃ ነው፤ ወለቃ የሄድኩት ደግሞ ለሳንጃ ብዬ ነው።

ሳንጃ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ፣ በታች አርማጭሆ ቆላ ያለች ከተማ ናት። ወንዟ ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ይዋኙበታል። ቢልሃርዝያ እዚያ እንዳለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል፤ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ትሉን ካይሮ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። የታመመ ልጅ ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር በአንድ ቀን ገደማ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይባዛና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰርካሪያ የሚባሉ፣ ጭራቸው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በዓይን የማይታዩ ሺህ በሺህ ሆኖ ይወጣል። የሚወጡት ፀሐይ ስትሞቅ፣ ቀትር አካባቢ ነው፤ ልጆቹም ወንዙ ውስጥ የሚገቡት ያን ጊዜ ነው። ቆዳ በስተው ይገባሉ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ልጁ በማግስቱ ወንዙ ውስጥ ከገባ ግን እንደገና ይያዛል። ቀንድ አውጣውን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኔ ሥራ ቀንድ አውጣዎቹን በረጅም እጀታ ወንፊት ከወንዙ ጠልፌ፣ በሕይወት ጎንደር አድርሼ፣ አንድ በአንድ በትንሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብርሃን ሥር አስቀምጬ የትኛው ሰርካሪያ እንደሚያወጣ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ከዚያ ዘረመላቸውን መመርመር ነው። “በሕይወት ጎንደር አድርሼ” የምትለዋ ሐረግ ፕሮፖዛሉ ላይ ግማሽ መስመር አትሞላም። የቆላው ሙቀት መኪና ውስጥ ይገድላቸዋል። ፕላስቲክ ዕቃ ሲዘጋ ያፍናቸዋል። የበረዶ ሣጥኑ መጀመሪያ ከሚገባው በላይ ይበርዳል፣ በረዶው ሲቀልጥ ይሞቃል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ከውጭ ላዝዝ ብዬ የውጭ ምንዛሪ ጠየቅሁ፤ የየትኛው መሥሪያ ቤት ወረፋ እንደሆነ መናገሩ ጥቅም የለውም፣ ተራው እስከ ዛሬም አልደረሰኝም። የገንቦ ውሃ በበጋ የሚቀዘቅዘው ሸክላው ስለሚያልበው መሆኑን ልጅ ሆኜ ያደግሁበት ቤት ያውቃል። እርጥብ ጨርቅ የተነጠፈበት፣ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የተበሳሳ ማሰሮ ካገኘሁ መንገዱን ይችሉታል ብዬ አሰብኩ። ጎንደር ላይ ሸክላ ያሰበ ሰው የሚሄደው ወደ ወለቃ ነው።

ወለቃ ከከተማው ወጣ እንዳሉ፣ በደባርቅ መንገድ ላይ ናት። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች የኖሩባት መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡና ይሸምኑ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ጸሎት ቤቱና መንገድ ዳር ለቱሪስት የተደረደሩት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች አሉ፤ ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ እስራኤል ናቸው። ማሰሮዬን ያዘዝኳቸው እናት ክርስቲያን ናቸው። ሙያውን የተማሩት ከጎረቤታቸው ነው፤ ጎረቤታቸው በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ይዘው ከአዲስ አበባ በበረሩት አውሮፕላኖች ሄዱ።

“ምን ልትሠራበት ነው ልጄ?” አሉኝ።

“ቀንድ አውጣ ልይዝበት ነው እናቴ።”

“ቀንድ አውጣ? ለምኑ?”

ስለ በሽታው ነገርኳቸው። ጭቃቸውን ማሸት ሳያቆሙ አዳመጡኝና “እና በሽታውን በእኔ ማሰሮ ተሸክመህ ጎንደር ልታስገባው ነው?” አሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው በደብዳቤ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። ሰርካሪያው ያለ ውሃ ሰው እንደማይዝ፣ ከላቦራቶሪ የሚወጣው ውሃ በሙሉ ፈልቶ እንደሚደፋ አስረዳኋቸው። ኮሚቴው በጽሑፍ ሲረካ እሳቸው ግን በቃል አልረኩም፤ “ማሰሮውን ስትጨርስ ስበረው፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ” ብለው አስማሉኝ።

ሸክላ ሲሠራ ቁጭ ብሎ ያላየ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። አፈሩ ተዘፍዝፎ ጠጠሩ ይለቀማል። አሮጌ ገል ተፈጭቶ ይጨመርበታል፤ ያለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። መሽከርከሪያ የለም። መጀመሪያ ቂጡ በመዳፍ ይበጃል፣ ከዚያ ጭቃው እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ ዙሪያውን ይነባበርበታል፣ እየተነባበረም በእርጥብ እጅ ይለሰልሳል። የሚዞሩት እሳቸው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ማሰሮውን ይዞሩታል። ጥላ ሥር ሰንብቶ ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይወለወልና በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። እኔ የተኩሱ ቀን ሄድኩ። ጭሱ ውስጥ ቆመው የእሳቱን ቀለም እያዩ ኩበት ሲጨምሩ አየኋቸው፤ የሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር በአጠገባቸው የለም። የላቦራቶሪያችን ማሞቂያ ሁለት ዲግሪ ሲዛባ የምንደነግጠውን አስታወስኩ።

በማሟሸቱ ላይ ግን አልተስማማንም። እሳቸው ጎመን ዘር አሽተው በእሳት ሊያሟሹት ነው። ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ከደፈነው ደግሞ ማሰሮው አያልበውም፣ ካላለበው አይቀዘቅዝም። “ሳይሟሽ እባክዎ” አልኩ። “ሳይሟሽ ዕቃ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፣ ስሜ ይጠፋል” አሉ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ላቡን፣ ቅዝቃዜውን፣ ቀንድ አውጣውን አያይዤ ስነግራቸው ተቀበሉኝ። ተቀብለውም ዝም ብለው አልሸኙኝም። ወደ ጓዳ ገብተው በጣም ያረጀ፣ በጣም ነጭ ነጠላ ቁራጭ አወጡና “እንግዲያው ውስጡን ይቺን አልብሰው፤ ትናንት ነው ያጠብኳት፣ ንጹሕ ናት” ብለው ሰጡኝ።

እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ደም ያወራነውም የዚያን ቀን ነው። ጎረቤታቸው ከእስራኤል ስልክ ሲደውሉ የነገሯቸው ነገር ከልባቸው አልወጣም። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ኢትዮጵያውያን አይሁዶች የለገሱት ደም በሽታ አለበት ተብሎ ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር ታወቀ፤ በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ተሰልፈው ጮኹ። እኒያ ሰዎች ከአገራቸው የወጡት ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን ቡዳ እያለ ካራቀ ማኅበረሰብ መሆኑን ሳስብ ያመኛል። እዚያም ደማቸው ተጣለ። ከእነዚሁ ኢትዮጵያውያን አይሁዶች በተወሰደ ደም ላይ ደግሞ የአንጀት ትል የሰውን በሽታ የመከላከል አቅም እንዴት እንደሚያናውጥ የሚያሳዩ፣ በዓለም የታወቁ ጥናቶች ተሠርተዋል። እናትየዋ ይህን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የጠቀለሉት፦ “እናንተስ የወሰዳችሁትን ምን ታደርጉታላችሁ? የወሰደ ሁሉ ተመልሶ አይመጣም።” እመለሳለሁ አልኳቸው።

ሳንጃ ላይ ሥራው በደንብ ሄደ። ውሃው ጠርቷል፣ ቀንድ አውጣው በቅጠሉ ሥር ተጣብቋል፣ የወንዙ ልጆችም የት የት እንዳለ ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር። በጓንትና በቦቲ ጫማ ሆኜ ስለቅም ዋልኩ። ነጠላዋን በወንዙ ውሃ አርሼ ማሰሮው ውስጥ አነጠፍኩ፣ ቀንድ አውጣዎቹን በእጥፋቱ መሀል ደረደርኩ፣ የተበሳሳውን ክዳን ገጠምኩ። ማሰሮው መንገድ ላይ አላበው፤ ጎኑን ስዳስሰው እንደ ቤታችን ገንቦ ቀዝቃዛ ነበር። መኪናው ተበላሽቶ ያመሸን ቢሆንም አልተጨነቅሁም። ሌሊት ጎንደር ገባን፣ ማሰሮውን ላቦራቶሪ አስቀምጬ ተኛሁ።

ጠዋት ክዳኑን ሳነሣ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። የሞተ ቀንድ አውጣ ሽታ ለሚያውቀው ሰው አይጠፋውም። ነጩ ነጠላ ቀይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል። የዚህ ዝርያ ቀንድ አውጣ ደሙ እንደ እኛው ሄሞግሎቢን ስላለው ቀይ ነው፤ ሥጋው ወደ ዛጎሉ ጠልቆ ሳይሰበሰብ፣ ወደ ውጭ አብጦ፣ ደም አፍስሶ ሞቷል። አንድም የተረፈ የለም። ቢከር ውስጥ ውሃ ሞልቼ ከከተትኳቸው በኋላም ምናልባት አንዱ ይንቀሳቀስ እንደሆን ብዬ በመቆንጠጫ እየነካካሁ ረፋዱን ሁሉ ቆየሁ።

ሙቀት ነው ብዬ ነበር። የላቦራቶሪያችን ቴክኒሽያን ግን “ሙቀት ቢሆን እንዲህ አይደማም” አለች። ማሰሮው ነው እንዳንል ጭቃው ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም። ስለዚህ በሁለት ቢከር ሞከርን። በአንዱ ማሰሮው ውስጥ ያደረ ውሃ፣ በሌላው ነጠላዋ የተዘፈዘፈችበት ውሃ አደረግንና ገንዳችን ውስጥ ለእርባታ ካሉት ጤነኛ ቀንድ አውጣዎች ከፍለን ከተትን። በማግስቱ የማሰሮው ውሃ ውስጥ ያሉት የሰጠናቸውን ሰላጣ ሲበሉ አገኘናቸው፤ የነጠላዋ ውሃ ውስጥ ያሉት አልቀዋል። ቴክኒሽያኗ የነጠላዋን ውሃ በጠርሙስ አድርጋ ናጠችው። አረፋው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አልወርድም አለ። አሸተተችው። “እናቴ ነጠላ የምታጥብበት ነው” አለች። “እንዶድ ነው።”

አንባቢዬ፣ ቢልሃርዝያ ላጠና ሰው እንዶድ እንግዳ ስም አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ የቢልሃርዝያን ስርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ቁልቁል ባለው ውሃ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፍፎ አዩ። ከአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ካገኙ ገና ብዙም አልቆዩም ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ሕይወታቸው የእንዶድ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከፍሬው የወጣው ገዳይ ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተባለ። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት እንዶድ ወንዙ ውስጥ ሲጨመር በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ፕሮፖዛሌ ላይ ጠቅሼዋለሁ። ወለቃ ጓዳ ውስጥ ይጠብቀኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሳንጃ ተመልሼ እንዳልሰበስብ መጀመሪያ የመንገዱ ሁኔታ፣ ቀጥሎ የመኪናው ጥገና አገደኝ፤ መንገዱ ሲከፈት ዝናቡ ጣለ። በጋው በዚሁ ሄደ።

ቃሌን ጠብቄ ወለቃ ተመለስኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከልባቸው አዘኑ፤ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ እኔም ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር እንደሌለ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ቡና ቀረበ። ሁለተኛው ሲቀዳ ዝም ብለው ሲያስቡ ቆዩና፦

“ቆይ እስቲ ልጄ። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን ከገደለው፣ ቀንድ አውጣው ከሞተ ልጆቹ ካልታመሙ፣ እናንተ ይህን ካወቃችሁ ስንት ዘመን ሆነ?”

“ወደ ስልሳ ዓመት ይጠጋል እናቴ።”

“ታዲያ ሳንጃ ወንዝ ላይ ለምን አላደረጋችሁትም?”

የመመረቂያ ጽሑፌን የሚመረምሩኝ መምህራን ከዚህ የከበደ ጥያቄ አይጠይቁኝም። የምችለውን ያህል መለስኩላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ በቂ አይደለም ተብሎ የመርዛማነቱ ጥናት በውጭ ላቦራቶሪ እንደገና ይሠራ መባሉን፣ ያም ተሠርቶ እስኪያልቅ ከሃያ ዓመት በላይ መፍጀቱን ነገርኳቸው። በዚህ መሀል ፕራዚኳንቴል መጣ፤ ኪኒን ማደል ወንዝ ከመጠበቅ ይቀላል። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ መጠኑን፣ ቦታውንና ጊዜውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ በሁለት ቀን ገደማ ኃይሉን ስለሚያጣ ደጋግሞ መጨመርም ያስፈልጋል። ተክሉን አልምቶ፣ ፍሬውን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ የሚያቀርብ ማኅበር ይሻል። አሜሪካኖች ግን የሐይቆቻቸውን የውሃ ቧንቧ በሚደፍን ዜብራ መስል በሚባል ዛጎል ላይ እንዶድን ሞክረው፣ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የአሠራሩን የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። ይህን ስነግራቸው ሲኒውን አስቀመጡ። “ለእነሱ ቧንቧ ሆኖ ለእኛ ልጅ አልሆነም?” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጥናቴን ቀይሬዋለሁ። አማካሪዬ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ሁለቱን ቢከር ሲያዩ ተስማሙ። አሁን ከወንዙ የምጽፈው ቀንድ አውጣው የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ሴቶቹ የት ቦታ በምን እንደሚያጥቡ፣ ከማጠቢያው በላይና በታች የቀንድ አውጣው ቁጥር ምን ያህል እንደሚለያይ ጭምር ነው። ብዙ ቦታ እንዶዱ በዱቄት ሳሙና ተተክቷል። ሸማ በእንዶድ ማጠብ የሚያውቁት አሮጊቶቹ ናቸው፤ እነሱን ሳናነጋግር ካለፉብን ወንዙ ዳር የቀረውን እውቀት የምንጠይቀው ሰው አናገኝም።

የጎንደር የሕክምና ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ጥበቃ ኮሌጅነት ሲጀመር ተማሪዎቹ ቆላድባን ወደ መሰሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች በቡድን እየወጡ፣ ምንጭ እያጠሩ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር የሚማሩት። ዛሬ የዶክትሬት ተማሪ መንደር የሚገባው ናሙና ለመውሰድ ነው። ዓይነ ምድር ይወስዳል፣ ደም ይወስዳል፣ ቀንድ አውጣ ይወስዳል፣ ውጤቱን በእንግሊዝኛ ያሳትማል፣ ናሙናውን የሰጠው ሰው ወረቀቱን አይቶት አያውቅም። ይህ ትክክል አይደለም። ተማሪ የምታማክሩ መምህራን፣ ከመመረቁ በፊት ውጤቱን በአማርኛ ጽፎ ናሙና በወሰደበት ቀበሌ ቆሞ እንዲያስረዳ አስገድዱት፤ የሁለት ገጽ ጽሑፍና የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ማሰሮውን እንደማልኩት ሰበርኩት። ሌላ አዝዣለሁ፤ ይኸኛውም አይሟሽም፣ ጨርቁን ግን እኔ አመጣለሁ ብያለሁ። እንዶድ በሳንጃ ገበሬዎች ማሳ ዳር ተተክሎ፣ ዓሣውን ሳይጎዳ በየትኛው ወር፣ በየትኛው የወንዙ መታጠፊያ፣ በስንት መጠን ቢጨመር እንደሚበጅ ላጥና የሚል ተማሪ ካለ ጎንደር መጥቶ ይጠይቀኝ፤ የወንዙን ካርታና እስካሁን የሰበሰብኩትን መረጃ ሁሉ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እሰጠዋለሁ።